አርኮናዳና ያቺ የፓሪስ ኳስ

አቦሉን ጠጣን፤ ወሬው ግን ገና መሞቁ ነው። ሲኒህን ወዲህ በል፣ ቶናውን ልቅዳልህ። ስለ ኳስ እንጫወት አልከኝ አይደል? ደግ ነው። ስለ አጥቂ ግን ዛሬ አናወራም። ጎል ያገባ ሰው ስሙን የሚያነሳለት መች አጥቶ ያውቃል? ዛሬ የማጫውትህ ስለ አንድ በረኛ ነው። ሉዊስ አርኮናዳ ይባላል።

ታውቀዋለህ? የእኛ ዕድሜ ሰው ከሆንክ አንዲት ኳስ ታስታውስ ይሆናል። ወጣት ከሆንክ ደግሞ ያችኑ ኳስ ስልክህ ላይ አይተሃታል፤ ሰውየውን ግን አላየኸውም። እኔን የሚቆጨኝም እሱ ነው። እስቲ ኳሷን አስቀድመን እናውራትና እንገላገል፤ ከዚያ ወደ ሰውየው እንሄዳለን።

ጁን 27 ቀን 1984 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልህ። ቦታው ፓሪስ፣ ፓርክ ዴ ፕራንስ ስታዲየም። ጨዋታው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ፈረንሳይ ከስፔን። ስፔን ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ስትደርስ ከ1964 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እስከ 57ኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ናቸው። ዳኛው ለፈረንሳይ ቅጣት ምት ሰጡ፤ ስፔኖቹ ጥፋት የለም ብለው ተከራከሩ፣ ሰሚ ግን አላገኙም። ኳሷን ሚሼል ፕላቲኒ አስቀመጠ። የዚያን ሰሞን ፕላቲኒ ምን እንደነበር ልንገርህ? በዚያ ውድድር በ5 ጨዋታ 9 ጎል ያገባ ሰው ነው። መታት፤ ኳሷ የተከላካዮቹን ግድግዳ ዞራ ዝቅ ብላ መጣች። አርኮናዳ ወደቀባት፣ ደረሰባት፣ ያዛትም። ሰው ሁሉ ተያዘች ብሎ ሲያበቃ ከሥሩ ሾልካ ቀስ እያለች መስመሩን አለፈች።

በቃ፣ ይኸው ነው። በመጨረሻው ደቂቃ ቤሎን ሁለተኛውን ጨመረና ፈረንሳይ 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አርኮናዳ 30 ዓመት የሞላው በዋዜማው ነበር። ልደቱ ጁን 26 ነው።

ከዚያ በኋላማ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል የሚባለው? የስፔን ጋዜጣም፣ የፈረንሳይ ጋዜጣም፣ በየቡና ቤቱ የተቀመጠውም ሁሉ ምሳሩን ይዞ መጣ። የዚያ ቀን ስፔን ማሴዳና ጎርዲዮ በቅጣት አልተሰለፉላትም ብሎ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሳንቲያና በግንባሩ የመታትን ኳስ ባቲስቶን ከመስመሩ ላይ እንዳወጣትም የሚያነሳ ብዙ የለም። የቀረችው ያቺ ኳስ ብቻ ናት።

ታዲያ ስፔንን ፓሪስ ድረስ ያመጣት ማን ነበር? ይኼን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። ፍጻሜው ሊደረግ ልክ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጁን 20፣ እዚያው ፓርክ ዴ ፕራንስ ላይ ስፔን ከምዕራብ ጀርመን ተጋጥማ ነበር። ጀርመን በጊዜው የአውሮፓ ሻምፒዮን ናት። እኩል መውጣት ይበቃታል፤ ስፔን ግን ካላሸነፈች ወደ ቤቷ ነው። ያን ቀን ጀርመኖቹ የጎሉን ብረት ደጋግመው መቱ፤ ብረቱ ያልመለሰውን አርኮናዳ መለሰ። በወዲያኛው በኩል የጀርመኑ በረኛ ሹማከር የካራስኮን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ተስፋ ሊቆረጥ ሲል፣ በ90ኛው ደቂቃ፣ ማሴዳ በግንባሩ አገባና ጀርመን ተሰናበተች። ከዚያ በግማሽ ፍጻሜው ከዴንማርክ ጋር 1 ለ 1 ወጥተው በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አለፉ። እንግዲህ አስበው፤ ያው ሜዳ፣ ያው ሰው፣ የሰባት ቀን ልዩነት። የመጀመሪያውን ቀን ማን ያወራዋል? እኔና አንተ ካላወራነው ማንም።

ይኼን ካልኩህ አይቀር አንድ ነገር ላስታውስህ። ስፔን ለዚያ ውድድር ያለፈችው ሴቪያ ላይ ማልታን 12 ለ 1 ረታ ነው። በ11 ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረባት፤ አደረገችውም። የዚያን ዕለት በረኛው ቡዮ ነበር እንጂ አርኮናዳ አልነበረም። የተገባባቸውን አንዲት ጎል እንኳ በእሱ ላይ እንዳትቆጥርበት ብዬ ነው።

እሺ፤ አሁን ወደ አገሩ እንሂድ። አርኮናዳ የተወለደው በ1954 በሳን ሴባስቲያን ነው። ከተማዋ በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር፣ ከባሕሩ ዳር የተቀመጠች ናት፤ የአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው ዶኖስቲያ ይሏታል። ላ ኮንቻ የሚባል የባሕር ዳርቻ አላት። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው እርጥብና ጠፍጣፋ ሜዳ ይሆናል፤ ልጆች መስመር አስምረው እዚያ ላይ ይጋጠማሉ። አሸዋ ላይ መውደቅ አያምም። የባስክ ልጅ ለኳስ መወርወርን የማይፈራው ከዚህ የተነሳ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ፔሎታ የሚባለውን ኳስን በባዶ መዳፍ ከግድግዳ ጋር የሚያጋጩበትን የአገራቸውን ጨዋታ ያነሳሉ፤ እጃቸውም ዓይናቸውም እዚያ ተሳለ ይላሉ። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ያ ትንሽ አገር በረኛ ማብቀሉ የማይካድ ነው። የአትሌቲክ ቢልባዎው ኢሪባር ከዚያ ነው። ዙቢዛሬታ ከዚያ ነው። የዛሬዎቹ ኬፓና ኡናይ ሲሞንም ከዚያው ናቸው። ኡሩቲ የሚሉትን ሰምተሃል? በባርሴሎና ደጋፊዎች ዘንድ ከልብ የሚወደድ በረኛ ነው፤ በ1985 ቫያዶሊድ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ ከ11 ዓመት በኋላ ሊጋውን ያረጋገጠላቸው። እሱም የሳን ሴባስቲያን ልጅ፣ የከተማዋ ክለብ የሪያል ሶሲዬዳድ በረኛ ነበር። ታዲያ ከቤቱ ምን አስወጣው? አርኮናዳ መጣበታ! በሌላ ሰፈር በረኛ የሚሆነው ሩጫ የማይሆንለት ልጅ ነው፤ እዚያ ግን ጓንቱን ለማጥለቅ ተራ ይጠበቃል።

አርኮናዳ በ1974 ለሪያል ሶሲዬዳድ ዋና ቡድን መጫወት ጀመረ። በዚያ ዘመን ክለቡ የሚያሰልፈው የባስክ ልጆችን ብቻ ነበር። ገንዘብ አውጥቶ ከሩቅ አገር ኮከብ አያመጣም። ይኼ በአንድ በኩል ሲታይ ድህነት ይመስላል፤ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? ያን ትውልድ ልቁጠርልህ። በተከላካይ ኮርታባሪያ፣ በመሐል ዛሞራና ፔሪኮ አሎንሶ፣ በፊት ሳትሩስቴጊና ሎፔስ ኡፋርቴ። ፔሪኮ አሎንሶ ማን መሰለህ? የዣቢ አሎንሶ አባት ነው። የሊቨርፑልና የማድሪዱ ዣቢ ኳስ ማቀበልን የወረሰው ከቤቱ ነው።

ኮርታባሪያን ካነሳሁ ዝም ብዬ አላልፈውም። በ1976 ዲሴምበር ውስጥ ሪያል ሶሲዬዳድና አትሌቲክ ቢልባዎ ሲጋጠሙ፣ ፍራንኮ ከሞተ ገና ዓመት ቢሞላው ነው፣ የባስክ ባንዲራ በሕግ እንደተከለከለ ነው። ሁለቱ አምበሎች፣ ኮርታባሪያና ያ በረኛው ኢሪባር፣ ያንን የተከለከለ ባንዲራ ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ሜዳ ገቡ። ሕዝቡ አለቀሰ ይባላል። አርኮናዳ ያደገው እንዲህ ባለ ሜዳ ነው፤ ኳሱ ከኳስ በላይ በሆነበት።

ሜዳው አቶቻ ይባል ነበር። ዛሬ የለም፤ ክለቡ በ1993 ወደ አኖዬታ ተዛወረ። አቶቻ ከአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ጎን የተወተፈ፣ ጠባብ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው የሚያጠልቅ ሜዳ ነበር። ደጋፊው ከመስመሩ አጠገብ ስለሚቀመጥ በረኛው የሚሰደበውንም የሚመሰገነውንም ቃል በቃል ይሰማል። ደግሞ አንድ የሚገርም ልማድ ነበራቸው፤ ዛሬም አልተዉትም። ጎል ሲገባ ርችት ይተኩሳሉ። እንግዳው ቡድን ካገባ አንድ ጊዜ፣ የቤቱ ቡድን ካገባ ሁለት ጊዜ። ባሕር ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ፣ ቤቷ ያለችው እናት፣ ሥራ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ውጤቱን በጆሮው ይከታተላል። የመጀመሪያው ሲፈነዳ ከተማው ትንፋሹን ይይዛል፤ ሁለተኛው ከተከተለ እልል ነው፣ ካልተከተለ ዝምታ ነው። የአርኮናዳ ሥራ እንግዲህ ያቺን ብቸኛ ርችት ማስቀረት ነበር። ደጋፊውም አደጋ ሲመጣ ምንም አይደለም፣ አርኮናዳ አለልን እያለ ያዜም ነበር።

እንዴት ነበር የሚጫወተው? ቁመቱ ለበረኛ ረጅም የሚባል አልነበረም። የጎደለውን ቁመት በፍጥነት ይሞላዋል። ከመስመሩ ቶሎ ይወጣል፣ ከአጥቂው እግር ሥር ይወድቃል፣ ከቅርብ የተመታችን ኳስ በእጁም በእግሩም ይመልሳል። ብዙ አያወራም። እኔ በረኛ ውስጥ የምወደው ይኼንን ነው፤ ኳስ ካዳነ በኋላ ለካሜራ የማይንከባለል በረኛ። አርኮናዳ ያድናል፣ ይነሳል፣ ይወረውራል።

አሁን ወደ ጣፋጩ እንምጣ። በ1979-80 የውድድር ዘመን ሪያል ሶሲዬዳድ ከመጀመሪያው ጀምሮ 32 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ። ሊጉ 34 ጨዋታ ብቻ ነው። በ33ኛው ሴቪያ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈና ሊጋውን በአንድ ነጥብ ለሪያል ማድሪድ አስረከበ። በዓመት አንድ ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ ማጣት! ሌላ ቡድን ቢሆን እዚያው ይቀበር ነበር።

እነሱ ግን በዓመቱ ተመለሱ። ኤፕሪል 26 ቀን 1981፣ የመጨረሻው ቀን። ሪያል ሶሲዬዳድ ሂሆን ላይ፣ ማድሪድ ቫያዶሊድ ላይ ይጫወታሉ። ለሶሲዬዳድ እኩል መውጣት ይበቃዋል። ማድሪድ 3 ለ 1 አሸነፈ። ሂሆን ላይ ደግሞ ሶሲዬዳድ 2 ለ 1 እየተመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ቫያዶሊድ ያሉት የማድሪድ ተጫዋቾች ሻምፒዮን ነን ብለው መተቃቀፍ ጀመሩ። በዚያች ሰዓት፣ ዝናብና ጭቃ ውስጥ፣ ኳስ ሂሆን ላይ ዛሞራ እግር ሥር ወደቀች። ዛሞራም አገባት፤ 2 ለ 2። ሁለቱም ክለቦች 45 ነጥብ ይዘው ጨረሱና እርስ በርስ በተገናኙበት ውጤት ሶሲዬዳድ ለመጀመሪያ ጊዜ የስፔን ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ፣ በ1982፣ በገዛ ሜዳቸው አትሌቲክ ቢልባዎን 2 ለ 1 አሸንፈው ደገሙት።

ይኼ ዛሞራ እንግዲህ የመሐል ተጫዋቹ ነው። በስፔን በየዓመቱ ከጨዋታው አንጻር ጥቂት ጎል ለተገባበት በረኛ የሚሰጠው የዛሞራ ሽልማት ግን በሌላ ሰው ስም የተሰየመ ነው፤ በጥንቱ ታላቅ በረኛ በሪካርዶ ዛሞራ። አርኮናዳ ያንን ሽልማት በ1980፣ በ1981 እና በ1982 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወሰደ። ሦስት ዓመት ሙሉ በስፔን ምድር ከእሱ የተሻለ በረኛ አልነበረም ማለት ነው፤ ያውም የማድሪድና የባርሴሎና በረኞች ባሉበት። ያውም ጭቃ ላይ።

ማድሪድ ወይ ባርሴሎና ለምን አልሄደም ትለኝ ይሆናል። እኔ መልሱን ከሥራው አነበዋለሁ፤ 15 ዓመት፣ አንድ ክለብ፣ ከ500 በላይ ጨዋታ። የተወለደበትን ከተማ በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። የዝናው ማነስ አንዱ ምክንያትም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በማድሪድ ማልያ ያንኑ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ እኔ ባላስታወስኩህ።

በ1982 የዓለም ዋንጫ ስፔን ቤት ገባ። አምበሉ አርኮናዳ ነው። አገሩ ሁሉ ዋንጫውን የሚጠብቀው ከእሱ እጅ ነው። ብዙ መጠበቅ ደግሞ እግር ያስራል። ከሆንዱራስ ጋር 1 ለ 1፣ ዩጎዝላቪያን 2 ለ 1፣ ከዚያ ቫሌንሲያ ላይ ከሰሜን አየርላንድ ጋር። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ቢሊ ሃሚልተን ከመስመር አሻገረ፤ አርኮናዳ በእጁ ነካትና ጄሪ አርምስትሮንግ እግር ሥር ወደቀች። 1 ለ 0። አየርላንዶቹ አንድ ሰው በቀይ ወጥቶባቸው በአሥር ሰው ተከላክለው ጨረሱ። ስፔን ወደ ሁለተኛው ዙር ብታልፍም ከጀርመንና ከእንግሊዝ ጋር ተመድባ እዚያው ቀረች። እንግዲህ የፓሪስ ኳስ ስትመጣ ሰዎች ይቺንም ከመዝገብ አወጡበት። ሁለት ኳስ ከአሥራ አምስት ዓመት።

በመሐል አንዲት የምታስቆጨኝ ነገር አለች። በ1983 ሶሲዬዳድ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ቤቱ 1 ለ 1፣ ሃምቡርግ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፎ ቀረ። ሃምቡርግ ከዚያ አቴንስ ላይ ማንን አሸንፎ ዋንጫውን በላ? የፕላቲኒን ጁቬንቱስን። ትንሽ ቢሳካላቸው ኖሮ አርኮናዳና ፕላቲኒ ከፓሪሱ ቀን በፊት በሌላ ፍጻሜ ይተያዩ ነበር።

ከፓሪስ በኋላስ? ሰውየው ቤቱ ገብቶ አልተደበቀም። ወደ አቶቻ ተመለሰ፣ ጓንቱን አጠለቀ። በ1985-86 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ያ ዓመት ሙሉ በሙሉ አመለጠው፤ የ1986ቱ የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫም አብሮ ሄደ። በብሔራዊ ቡድኑ ቦታውን የወሰደው ሌላው የባስክ ልጅ፣ ዙቢዛሬታ፣ 126 ጊዜ ለስፔን ተሰለፈ። አርኮናዳ በ68 ቀረ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩን ይዘጋዋል።

እኔ ግን አልዘጋውም፤ ምክንያቱም 1987 አለ። ጉልበቱ ዳነና ተመለሰ። አሰልጣኙ ዌልሳዊው ጆን ቶሻክ ነው። ሶሲዬዳድ ለንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ ሳራጎሳ ላይ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር። ቀኑን ስማልኝ፤ ጁን 27። ከፓሪስ ልክ ሦስት ዓመት፣ በቀን እንኳ ሳይዛነፍ! ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ ጭማሪ ሰዓቱም አልለያቸውም። ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ተሄደ። መጨረሻ ላይ የአትሌቲኮው ኪኬ ራሞስ መጣ፤ መታ፤ አርኮናዳ አዳነ። ሶሲዬዳድ 4 ለ 2 አሸነፈ፣ አምበሉ አርኮናዳም ዋንጫውን ከንጉሥ ሁዋን ካርሎስ እጅ ተቀበለ። ሶሲዬዳድ ያንን ዋንጫ እንደገና ለማየት 34 ዓመት ጠበቀ።

ጓንቱን የሰቀለው በ1989 ነው። የሚገርመኝ ደግሞ ክለቡ የባስክ ልጆችን ብቻ የማሰለፍ ልማዱን ትቶ ጆን አልድሪጅን ከሊቨርፑል ያመጣው በዚያው ዓመት ነው። የእሱ መሄድና የዚያ ዘመን መዘጋት አንድ ላይ ሆነ።

አሁን ሃያ ዓመት ያህል አሻግሬ ልውሰድህ። ቪየና፣ ጁን 29 ቀን 2008። ስፔን በቶሬስ ጎል ጀርመንን 1 ለ 0 አሸንፋ የአውሮፓ ዋንጫን ከ44 ዓመት በኋላ አገኘች። ተጫዋቾቹ ሜዳልያ ሊቀበሉ ተሰለፉ። ሜዳልያውን የሚያጠልቀው ማን መሰለህ? ሚሼል ፕላቲኒ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከሰልፉ መካከል አንድ ተጫዋች የለበሰው የዘመኑን ማልያ አይደለም፤ ሉዊስ አርኮናዳ በ1984ቱ ፍጻሜ የለበሰውን የበረኛ ማልያ ነው። አንድሬስ ፓሎፕ ነው፤ ሦስተኛው በረኛ።

ፓሎፕን ታስታውሰዋለህ? ቫሌንሲያ ሳለ ለዓመታት ከካኒዛሬስ ኋላ ተቀምጦ የጠበቀ ሰው ነው። ሴቪያ ከሄደ በኋላ ነው የበራው። በ2007 በዩኤፋ ዋንጫ ዶኔትስክ ላይ ቡድኑ ሊወድቅ ሲል ከጎሉ ሮጦ መጥቶ የማዕዘን ምት በግንባሩ አገባ! እዚያው ውድድር ፍጻሜ ላይ፣ ግላስጎው ውስጥ፣ ከኤስፓኞል ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። እንዲህ ያለ ሰው ለስፔን ብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን ተሰልፎ አያውቅም። ካሲያስ ነበረ፣ ሬይና ነበረ። ቪየና ላይም አንዲት ደቂቃ አልተጫወተም።

የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ። ለምን? የኋለኛው እንዳይሸሽ። ፓሎፕ ያደረገው ይኼንኑ ነው። ያን ሌሊት ሁሉም የራሱን ደስታ ሊለብስ ይችል ነበር፤ እሱ የሌላ ሰው ማልያ ለበሰ። ያቺ ኳስ የሾለከችበት ማልያ ፕላቲኒ ፊት ቀርቦ የአሸናፊ ሜዳልያ ተጠለቀበት። ስለ ቪየና ሲወራ የቶሬስን ጎል፣ የዣቪን ኳስ፣ የካሲያስን እጅ ይቆጥራሉ፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን አንዲት ደቂቃ ያልተሰለፈውን ፓሎፕን ከእነሱ ጋር እኩል አስቀምጠዋለሁ፤ አርኮናዳንም ከዙቢዛሬታና ከካሲያስ ጎን። አይሆንም የምትል ከሆነ የ1984ቱን የጀርመን ጨዋታ ፈልገህ 90ውን ደቂቃ ሙሉ እይና ና፤ እንከራከራለን።